ሳያስታውቁ የሚደርሱበት ቤት፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች መኖሪያው ቅርብ ይሁን ወይስ ሩቅ?

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳታገኙ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ልጃችሁን የሚጠብቅላችሁ ሰው ለምናችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁና በቅድሚያ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው አዋቂ ሲሆንና ወላጆቹ ሲደክሙ የት ይኑር ስለሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ላጥብበው፦ ከቤተሰቡ ሠፈር አጠገብ ባለ ቤት ይኑር ወይስ ክፍት ቦታ ወደተገኘበት፣ ሩቅም ቢሆን፣ ይሂድ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑም ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ይህን ጉዳይ የማውቀው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ሥራዬ ነው፤ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ባሉ ግሩፕ ሆሞች፣ ማለትም ጥቂት ነዋሪዎች ከተረኛ ሠራተኞች ጋር በሚኖሩባቸው ቤቶች፣ ለ16 ዓመታት፣ መጀመሪያ በሌሊት ተረኛነት፣ በኋላም በቤት ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። እርሱ አሁን 38 ዓመቱ ሲሆን ወደ አርባ የሚሆኑ ቃላት አሉት፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት አማርኛ ናቸው።

እናቴ ወንድሜን እስከ 31 ዓመቱ ድረስ በእጇ አጠበችው፣ አበላችው፣ አስተኛችው። ከዚያ ጉልበቷ እምቢ አለ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እርሱን ልታነሣ ስትል አብረው ወደቁና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። በዚያው ሳምንት የተገኘው ክፍት ቦታ በሜሪላንድ የባሕር ሰርጥ ላይ ከተዘረጋው ከቼሳፒክ ድልድይ ማዶ፣ ከቤታችን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ከተማ ውስጥ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ ከኋላው ዛፎች አሉት። እኔ ራሴ፣ የሙያው ሰው ነኝ ባይ፣ አይቼው ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ርቀቱን እንደ መንገድ ችግር ብቻ ቆጠርሁት፤ ነዳጅ ሞልቼ የማቃልለው መሰለኝ።

በበጋ የእሑድ ማታ ያንን ድልድይ የተሻገረ ሰው ሰልፉን ያውቀዋል፤ ከባሕር ዳርቻ የሚመለሰው መኪና ሁሉ እዚያ ይከማቻል። እናቴ ድልድዩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር። በመጀመሪያው ወር አራት ጊዜ ሄድን፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ከመሄዳችንም በፊት እንደውል ነበር፤ ያን ያህል መንገድ ነድቶ ለሽርሽር ወጥተዋል መባልን የሚፈልግ የለምና። በመሆኑም በደረስን ቁጥር ቤቱ ተወልውሎ፣ ወንድሜም ታጥቦና ተላጭቶ ይጠብቀን ነበር።

በሰባተኛው ወር ላይ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ወንድሜ ሲያመው አያለቅስም፤ የሸሚዙን ኮሌታ አፉ ውስጥ አስገብቶ በጎን ጥርሱ ይነክሳል። ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤታችን ሁሉም ያውቀዋል። በዚያ ቤት ግን የዕለት መዝገቡ ላይ ለአምስት ሳምንታት የተጻፈው «ልብሱን ይበላል፣ ሲከለክሉት ይገፈትራል» የሚል ነበር። አንድ ሠራተኛ ደግሞ በጥንቃቄ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ባካኝ ባካኝ እያለ ይጮኻል፤ ትርጉሙ አይታወቅም» ብላ ጽፋለች። በዚህ መዝገብ መሠረት ሐኪም ዘንድ ተወሰደና የማረጋጊያ መድኃኒቱ መጠን ተጨመረ። በወሩ ስንሄድ እናቴ ገና ከበሩ ሳታልፍ ኮሌታውን አየች። እጇን አገጩ ሥር አስገብታ ዳሰሰችና «ጥርሱን አሞታል፤ ይህ ልጅ ስንት ቀን ተሠቃየ?» አለች። የጥርስ ሐኪሙ መግል የቋጠረ ሥር አገኘ። ባካኝ ያሉት ቃልም «በቃኝ» ነበር።

እነዚያ ሠራተኞች ደጎች ነበሩ። አንደኛዋ በትርፍ ጊዜዋ ዓሣ ማጥመድ ይዛው ትሄድ ነበር፤ ዛሬም በዓል ሲሆን ትደውልለታለች። ስለዚህ የምናገረው ስለ ክፉ ሰዎች አይደለም። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችልን ሰው የሚጠብቀው፣ ከፈቃድና ከተቆጣጣሪ ቀድሞ፣ እርሱን የሚያውቅ ዓይን ነው፤ ርቀትም ከሁሉ በፊት የሚወስድበት ያንን ዓይን ነው። በዚያ ቤት ወንድሜን ከ31 ዓመት ጀምሮ እንጂ ከአንድ ዓመቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም። የቤቱም ሠራተኞች ይቀያየራሉ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በዚህ ሥራ ላይ ካሉ አሥር ሠራተኞች አራቱ ያህል በየዓመቱ ይለቃሉ። ከአራት ወር በፊት የተቀጠረ ሰው ኮሌታ መንከስ ምን ማለት እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ርቀቱ ግን ከእኛ አልጀመረም። በምንኖርበት በዚህ አካባቢ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን፣ እነዚህን ሰዎች ማራቅ ከመቶ ዓመት በላይ የመንግሥት ዕቅድ ሆኖ ኖሯል። ሮዝዉድ የተባለው ተቋም ከባልቲሞር ወጣ ብሎ በኦዊንግስ ሚልስ የተከፈተው በ1888 ሲሆን የተዘጋው በ2009 ነው። በቨርጂኒያ ከሊንችበርግ አጠገብ በ1910 የተቋቋመው ደግሞ ስሙም «ቅኝ ሠፈር» ነበር። ምክንያቶቹ በግልጽ ይነገሩ ነበር፤ መሬት በገጠር ርካሽ ነው፣ ነዋሪዎቹ አርሰው ምግባቸውን ያመርታሉ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኅብረተሰቡ ከእነርሱ «ይጠበቃል»። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ለማየት የሊንችበርጉን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ኬሪ በክ የተባለችውን ወጣት ያለ ፈቃዷ በቀዶ ሕክምና ማምከንን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ የፈቀደው ከዚያ ተቋም በመጣ ጉዳይ ነው። ይህን በሚፈቅደው ሕግ ቨርጂኒያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ዓይን በራቀ ቦታ በቀላሉ ይፈጸማል።

የዋሽንግተን ከተማ የራሷን ሰዎች የላከችው ወደ ፎረስት ሄቨን ነበር። ፎረስት ሄቨን በ1925 የተከፈተው በከተማዋ ክልል ሳይሆን በሜሪላንድ፣ በሎረል አቅራቢያ ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። በዚያን ዘመን ግን መኪና ለሌላት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ የዋሽንግተን እናት ሌላ አገር ነበር። ስለዚህ ርቀትን በማይል ብቻ አንለካው፤ የሚለካው እናትየዋ በምን ትሄዳለች፣ ደርሳስ ማን በሩን ይከፍትላታል በሚለው ነው። ቤተሰቦች በ1976 የኢቫንስ ክስ ተብሎ የሚታወቀውን መዝገብ ከፈቱ። በ1978 ዳኛ ጆን ፕራት ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ተመልሰው በትናንሽ ቤቶች እንዲኖሩ የሚያስገድደውን ስምምነት በፍርድ አጸኑት። ያም ሆኖ ተቋሙ እስከ ጥቅምት 1991 ድረስ አልተዘጋም፤ በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ሰዎች ተጋድመው እንዲበሉ እየተደረገ ምግቡ ወደ ሳንባቸው ገብቶ በሳንባ ምች ይሞቱ ነበር። በግቢው መቃብር ከ380 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል፤ ለብዙዎቹ የግል ድንጋይ እንኳ አልቆመላቸውም፤ በኋላ ቤተሰቦች አንድ የጋራ መታሰቢያ አቆሙ። እኔ አንድ ጊዜ እዚያ ሄጃለሁ። ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው፤ የማያውቅ ሰው መናፈሻ ይመስለዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ ወደ አንድ መልስ የሚወስድ ይመስላል፦ ቅርብ ይሁን፣ አለቀ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልቆምሁ። ከፎረስት ሄቨን የወጡት ሰዎች በዋሽንግተን ሠፈሮች ውስጥ፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት ጎዳና፣ ጎረቤት ባለበት ቤት ተቀመጡ። በ1999 ጋዜጠኛዋ ካትሪን ቡ በዋሽንግተን ፖስት ላይ ያወጣችው ምርመራ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ድብደባ፣ ዘረፋና ቸልተኝነት እንደነበረ፣ ከ1993 ወዲህም ከመቶ በላይ ሰዎች እንደሞቱና አብዛኛው ሞት ሳይመረመር እንደታለፈ አሳየ። ጋዜጣው በዚህ ሥራ በ2000 የፑሊትዘርን የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት አገኘ፤ የፍርድ ቤቱ ክትትል ግን የተዘጋው በ2017 ነው፣ ክሱ ከተመሠረተ ከ40 ዓመት በኋላ። እንግዲህ ቤቱ ከሜትሮ ጣቢያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሰውየው ደግሞ ከሰው ሁሉ የራቀ ሊሆን ይችላል። ከፎረስት ሄቨን ከወጡት ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ስለገቡ ሲወጡ የሚያውቃቸው ዘመድ አልቀረም ነበር። ወደ ሠፈር ተመለሱ ተባለ እንጂ ወደ ሰው አልተመለሱም።

የእንግሊዙ የዊንተርቦርን ቪው ነገር ይህንኑ በሌላ በኩል ያሳየናል። ከብሪስቶል ከተማ አጠገብ የነበረ የግል ሆስፒታል ሲሆን፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከቤታቸው ርቀው የመጡ ነበሩ። በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ የቀረጸውን ሲያሳይ ሠራተኞች ነዋሪዎችን ሲደበድቡና ሲያዋርዱ አገር አየ፤ 11 ሠራተኞችም ጥፋተኛ ተባሉ። በምርመራው ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቦች ይመጡ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ዋርዱም ሆነ ወደ መኝታ ክፍሎቹ አይገቡም፣ የሚገናኙት በእንግዳ መቀበያ ነበር። እነዚያ ወላጆች መንገድ ተጉዘው፣ የልጃቸውን ፊት አይተው፣ አልጋውን ሳያዩ ይመለሱ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ የእኛው የተወለወለ ሳሎን ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ቅርበት የምለውን በትክክል ልግለጽ። ቅርበት ማለት ለወንድሜ ቤት ሳላስታውቅ በማክሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሥራ ስመለስ፣ በመንገዴ ላይ መድረስ መቻሌ ነው። ከሱፐርማርኬት ወጥቼ አንድ ከረጢት ብርቱካን አድርሼ፣ ራት ምን እንደሆነ አይቼ፣ ጥፍሩ መቆረጡን ተመልክቼ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መውጣቴ ነው። እነዚህ ሃያ ደቂቃዎች በወር አንድ ጊዜ ከሚደረግ የስድስት ሰዓት ጉብኝት ይበልጣሉ። ለሠራተኞቹም ይጠቅማሉ፤ የቤት ኃላፊ ሆኜ የሠራሁባቸውን ዓመታት መለስ ብዬ ሳስብ፣ ቤተሰብ በሚመላለስባቸው ቤቶች ሠራተኛውም ይቆያል፣ የሚጠይቀው ሰው ያገኛልና። «ዛሬ ለምን አኮረፈ?» ብሎ የሚደውልለት ወንድም ያለው ሠራተኛ ብቻውን አይደለም።

ሕጉ በዚህ በኩል ከቀድሞው ተሻሽሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ኦልምስቴድ በተባለው፣ ከጆርጂያ ክፍለ ሀገር በመጣው ጉዳይ፣ በኅብረተሰብ ውስጥ መኖር የሚችልንና የሚፈልግን ሰው ያለበቂ ምክንያት በተቋም ማቆየት አድልዎ ነው ብሏል። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬይድ ዌቨር በምንለው ልዩ ፈቃድ የመንግሥቱ የጤና መድን ገንዘብ ከተቋም ውጭ ላለ አገልግሎት እንዲከፈል ተፈቅዷል። በ2014 የወጣውና ክልሎች በ2023 እንዲያሟሉት የታዘዘው የፌዴራል ደንብ፣ በዌቨር የሚተዳደር ቤት ነዋሪ መኝታ ክፍሉን የመቆለፍ፣ በፈለገው ሰዓት ምግብ የማግኘትና በማናቸውም ጊዜ እንግዳ የመቀበል መብት እንዳለው ይደነግጋል። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለውን ቃል እባካችሁ ያዙት። አንድ ቤት የጉብኝት ሰዓት ለጥፎ ካያችሁ በደንቡ መሠረት ጠይቁ። ለነዋሪው የግል ደኅንነት ሲባል ገደብ ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ በዕቅዱ ላይ በጽሑፍ የሰፈረ መሆን አለበት እንጂ የቤቱ ልማድ ስለሆነ ብቻ አይሆንም።

ሕጉ ይህን ካለ ታዲያ ሰዎች ዛሬም ለምን ይርቃሉ? በአብዛኛው የቤት ዋጋ ነው። አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ቤት የሚገዛው ወይም የሚከራየው በሚከፈለው ተመን ልክ ነው፤ እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሞንትጎመሪ ወይም በፌርፋክስ፣ አራት መኝታ ያለው ቤት የሚጠይቀውንና ከድልድዩ ማዶ የሚጠይቀውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌላው ምክንያት ችኮላ ነው። እናት ስትወድቅ፣ አባት በድንገት ሲያርፍ፣ ቤተሰብ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስጡ ይባላል፤ በሦስት ቀን የሚገኘው ደግሞ ሌላው ሰው ያልፈለገው ቦታ ነው። የእኛ ጥፋትም ይህ ነበር። እናቴ ደህና ሳለች ስለዚህ ነገር ማንሣት እንደ ማሟረት ይቆጠርብን ስለነበር አላነሣነውም።

በዚህ ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ የተለየ ወጥመድ የሚሆን ነገር አለ። ዌቨር ከክልል ወደ ክልል አይዛወርም። በቨርጂኒያ ዓመታትን በወረፋ የጠበቀ ቤተሰብ ወደ ሜሪላንድ ቢዛወር ወረፋውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኛ ደግሞ ርካሽ ቤት ወይም የተሻለ ሥራ ፍለጋ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መነሣት የሚቀናን ሰዎች ነን። ልጁ በትምህርት ቤት እስከ 21 ዓመቱ አገልግሎት ሲያገኝ ችግሩ አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ስለዚህ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ማመልከቻውን አሁኑኑ አስገቡ። ባትፈልጉት መተው ትችላላችሁ፤ ያለፈውን ዓመት ግን አታገኙትም። ኮርዲኔተሩ፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚያስተባብርላችሁ ሰው፣ የፍላጎት ቅጽ ሲሞላ ደግሞ «ማንኛውም ቦታ ይሁን» ብላችሁ አትፈርሙ። የሠፈሩን ስም፣ የአውቶቡሱን መስመር፣ የምታመልኩበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሐኪሙ ያለበትን ቦታ አስጽፉ፤ ያልተጻፈ ፍላጎት በቢሮ ውስጥ ፍላጎት አይባልም።

የስካንዲኔቪያን አገሮች ይህን በተሻለ መልክ ፈትተውታል ብዬ አምናለሁ። ኖርዌይ ከ1991 መጀመሪያ አንሥቶ ኃላፊነቱን ከትልልቅ ተቋማት አንሥታ ለእያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ሰጠች። ስዊድንም ተቋማቱን በሕግ ዘጋች። እዚያ ጥያቄው «ክፍት ቦታ የት አለ?» ሳይሆን «ሰውየው የየትኛው ከተማ ነው?» ይሆናል።

አሁን ከእኔ ሐሳብ ጋር የማይስማሙትን ወገኖች ልስማ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና። በፌርፋክስ፣ ብራዶክ ጎዳና ላይ፣ ከ1973 ጀምሮ የሰሜን ቨርጂኒያ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። በ2012 ቨርጂኒያ ከፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገችው ስምምነት ትልልቅ ተቋማቷን ለመዝጋት ስትወስን፣ በጽኑ የተቃወሙት የነዋሪዎቹ የገዛ ወላጆች ነበሩ። ምክንያታቸውም ቅርበት ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል በየእሑዱ የሚመላለሱበት፣ ነርስና ሐኪም በአንድ ግቢ ያለበት፣ ልጃቸውን በስሙ የሚያውቁ ሠራተኞች ያሉበት ቦታ ነበር፤ ከባድ ሕመም ላለበት ልጅ ይህን ሁሉ የሚሰጥ ትንሽ ቤት በአካባቢው ካልተገኘ ምርጫው ከሦስት ሰዓት በላይ ወደሚያስነዳው፣ በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂኒያ ወዳለው ቼሳፒክ ከተማ፣ ወደሚቀረው ተቋም መሄድ ነበር። ተቋሙ በ2016 መጀመሪያ ተዘጋ። እኔ መዘጋቱን እደግፋለሁ፤ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በተቋም እንዲኖር አልፈልግም። ነገር ግን የሰማንያ ዓመት አባት «ከእኔ አታርቁብኝ» ሲል የሚናገረው እውነት መሆኑን አምናለሁ፤ ትንሹን ቤት በሠፈሩ ሳያዘጋጁ ትልቁን መዝጋትም በእነዚህ ሰዎች ላይ የተፈጸመ በደል ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የነበረው ግሬት ኦክስ የሚባለው ማዕከል በ1996 ሲዘጋ፣ ቦታው ኋላ ሪደርዉድ የተባለው የአረጋውያን መንደር ሆነ። ከእናንተ መካከል እዚያ የምትሠሩ አላችሁ። በዚያ መሬት ላይ ቀድሞ እነማን ይኖሩ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሌሎች ደግሞ ገጠሩ ይሻላል ይላሉ። ካምፕሂል የሚባሉት፣ በ1940 በስኮትላንድ ከአበርዲን አጠገብ በስደተኛው ሐኪም በካርል ኮኒግ የተጀመሩት ማኅበራዊ መንደሮች በፔንስልቬኒያም አሉ፤ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ይጋግራሉ። እንስሳ የሚወድ፣ ጫጫታ የሚያስጨንቀው ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ አይቶ፣ ሰንብቶበት፣ ራሱ ከመረጠው ከእርሱ ጋር የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ምርጫው የእርሱ ይሁን እንጂ የቦታ እጥረት አይምረጥለት።

ስለ ቤታችንም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። «እኛ ሐበሾች ልጃችንን ለባዳ አንሰጥም» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እንወደዋለን፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን በአገር ቤትም ሆነ እዚህ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዲገባ የሚደረግ፣ ሠርግና ክርስትና ላይ የማይታይ፣ ጎረቤት ስሙን የማያውቀው የሠላሳ ዓመት ሰው ያለበት ቤት አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። እርሱም ከእናቱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ተለይቶ ሩቅ አገር የሚኖር ሰው ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ሲከፍቱ የታገሉት ከዚህ መደበቅ ጋር ነበር፤ የገዛ ልጃቸውን ይዘው ወደ አደባባይ በመውጣታቸው ስንት እናት ከጓዳ እንደወጣች የምትመሰክሩ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። እናቴም ወንድሜን ግሩፕ ሆም በማስገባቷ ለሁለት ዓመት ያህል ዕድር ላይ ቀና ብላ አልተቀመጠችም። ልጇን የጣለች መሰላት። የጣለችው እንዳልሆነ የገባት በቅርብ ስታገኘው ነው።

ወንድሜን ከድልድዩ ማዶ ለመመለስ 14 ወራት ፈጀብን። አገልግሎት ሰጪን የመምረጥ መብት አለው፤ ስለዚህ ሦስት ድርጅቶችን ጎበኘን። እኔ የጎበኘሁት በቀጠሮ ብቻ አልነበረም፤ ከቀጠሮው በኋላ በሌላ ቀን፣ ራት ሰዓት ላይ፣ በሩን አንኳኳሁ። አንደኛው ቤት አላስገባንም አሉ። ሁለተኛው ቤት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ እስኪያነጋግረን በረንዳ ላይ ቆምን። በሦስተኛው በር የከፈተልን ከነዋሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ሠራተኛዋ እጇ ሊጥ እንደያዘ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለችን። ለቤቱ ስንት ዓመት እንደሠራች ጠየቅኋት፤ ስድስት አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልጠየቅሁም።

ከመግባቱ በፊት እናቴና እኔ አንድ ደብተር አዘጋጀን። አርባውን ቃል በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አነባበቡንና ትርጉሙን ጻፍን፤ «በቃኝ» የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ኮሌታ ሲነክስ ጥርሱን ወይም ጆሮውን እዩለት ብለን ጻፍን። በጾም ቀን እናቱ ሥጋ እንደማትሰጠው፣ እርሱ ግን ቢያገኝ እንደሚበላና ምርጫው የእርሱ እንደሆነም ጻፍን፤ በዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ተከራክረናል። ደብተሩ ዛሬ ከመድኃኒት መዝገቡ ጎን ተቀምጧል፤ ሠራተኞቹም የራሳቸውን ጨምረውበታል። እኛ የማናውቀው ሦስት ምልክት አግኝተውለታል፤ አንዱ ማጀት ገብቶ ማንኪያ ሲደረድር ናፍቆት እንደሆነ ነው።

አዲሱ ቤት ከእናቴ አፓርትመንት በአውቶቡስ 12 ደቂቃ ነው። ዳሌዋ ከዳነ ወዲህ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ከሹፌሮቹ ሁለቱ ያውቋታል፣ መወጣጫውን ዝቅ ያደርጉላታል። ሐሙስ ዕለት፣ እሑድ ዕለት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ቀን ትሄዳለች። አትደውልም። የቤቱን ደወል ስትጫን ወንድሜ ከላይ ክፍሉን በቁልፉ ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይወርዳል፤ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን ቦርሳዋን ነው፣ ቆሎ መያዟን ለማረጋገጥ። ያለፈው ሳምንት ብዙ ቆየችና ሲደክመው «በቃኝ» አላት፤ ከሳሎን የነበረችው ሠራተኛም ሳቅ ብላ የእናቴን ካፖርት ከመስቀያው አንሥታ ሰጠቻት።